መጭን ከማሳ እንጂ ከአገር አናጥፋ፦ የቢጫዋ አበባ ታሪክ



ዛሬ ስለ ማዳበሪያ መጠንም ሆነ ስለ ዋግ በሽታ አናወራም። ዛሬ ታሪክ ነው የምናወራው። የምናወራው ታሪክ ግን የቤተ መንግሥት ታሪክ ሳይሆን የማሳ ታሪክ ነው። መጨረሻ ላይ ወደ ሥራችን እንመለሳለን፤ ምክንያቱም ይህን ታሪክ ያወቀ ገበሬ ዘሩን በደንብ ያጸዳል፣ ንቡን በደንብ ያረባል፣ መርጨት የሌለበትንም አይረጭም።

ከመስከረም እስከ ኅዳር በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወለጋ ወይም በሸዋ መንገድ የሄደ ሰው አገሩ ቢጫ ለብሶ ያገኘዋል። የከተማ ሰው ያን ሁሉ ቢጫ ባንድ ስም "አደይ አበባ" ብሎ ያልፋል። ገበሬ ግን እንዲህ አይልም። ገበሬ ሲያይ ቢያንስ አራት ነገር ነው ያለው፦ አደይ አበባ፣ ኑግ፣ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል መጭ፣ እና ከሥሩ እያቆጠቆጠ ለብዙ ዓመት የሚኖር መጭ። አራቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሱፍ፣ የፈረንጅ ሱፍ፣ ሰላጣ ሳይቀር እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ይቆጠራሉ። ሳይንሱ ቤተሰቡን "አስተራሴ" ይለዋል፤ "አስተር" በግሪክ ቋንቋ ኮከብ ማለት ነው። አበባውን አይታችሁት ከሆነ ስሙ ይገባችኋል።

የዚህ ቤተሰብ አንድ ምስጢር አለ። አንድ አበባ የሚመስለን ነገር አንድ አበባ አይደለም፣ ማኅበር ነው። አንዲት የኑግ ራስ ብትሰነጥቁ ዙሪያዋን 8 ያህል ቢጫ ምላስ የመሰሉ አበቦች፣ መሐሏ ላይ ደግሞ ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ ጥቃቅን አበቦች ታገኛላችሁ። ፍሬ የሚሰጡት ጥቃቅኖቹም ምላሶቹም ናቸው። ምላሶቹ ንብ መጥሪያ ባንዲራም ናቸው ብንል አልተሳሳትንም።

አራቱን እንዴት እንለያቸው?

እስቲ በቅጠሉ እንጀምር። አደይ አበባ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ነው፤ እንደ ላባ ግራና ቀኝ ተከፋፍሎ ይወጣል። ኑግና ሁለቱ መጮች ግን ቅጠላቸው ያልተሰነጠቀ፣ ጠርዙ ብቻ ትንሽ ጥርስ ያለው፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት የሚወጣ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ከተሰነጠቀ አደይ ነው፣ እዚያው ጨርሱ።

ቀጥሎ ፍሬውን እዩ። የኑግ ፍሬ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ነው። የመጭ ፍሬ ከዚያ ያንሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጭ ሲበስል ፍሬውን አይጠብቅላችሁም፣ ያራግፈዋል። ኑግም ቢሆን ይረግፋል፣ ግን ከመጭ ይሻላል።

ሁለቱን መጮች ለመለየት ደግሞ ከሥር የተሻለ ዳኛ የለም። ንቀሉት። ሥሩ ቀጭን ሆኖ በቀላሉ ከተነቀለ፣ ፍሬውን ጥሎም በበጋው የሚደርቅ ከሆነ የዓመቱ መጭ ነው። ከመሬት ውስጥ እንጨት የመሰለ ወፍራም ጉጥ ካገኛችሁ፣ ላዩ በበጋ ደርቆ ዝናብ ሲጥል ከዚያው ጉጥ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ከሆነ ደግሞ ቋሚው መጭ ነው። ቋሚው መጭ ቅጠሉን ብትዳስሱት ሻካራ ነው። የሳይንስ ስሙም "ጉይዞቲያ ስካብራ" ነው፤ "ስካብራ" በላቲን ሻካራ ማለት ነው።

ስሙ ከፈረንሳይ የመጣው የኛው አበባ

"ጉይዞቲያ" የሚለው ስም ከየት መጣ? ኑግን በአውሮፓ ሳይንስ መዝገብ ያስገባው የታዋቂው የስዊድን ሊቅ የካርል ሊኒየስ ልጅ ነው፤ ጊዜውም በ1780ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነበር። ያኔ የሰጠው ስም ሌላ ነበር፤ ኑግ ዘመዱ ካልሆነ ወገን ጋር ተቆጠረ። በ1829 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊው የእጽዋት ሊቅ አንሪ ካሲኒ ኑግን ከዚያ አውጥቶ ለብቻው ወገን አቋቋመለት፤ ስሙንም ለአገሩ ሰው ለፍራንሷ ጊዞ መታሰቢያ አደረገው። ጊዞ ማን ነው? የታሪክ ፕሮፌሰር ነው፤ በኋላም የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። እንግዲህ የጎጃም ገበሬ ስንት ዘመን ሲዘራው የኖረው ኑግ፣ በዓለም መዝገብ ላይ የፈረንሳይ የታሪክ ጸሐፊ ስም ይዞ ተቀመጠ።

የዓመቱ መጭ ደግሞ "ጉይዞቲያ ሺምፐሪ" ይባላል። ይህ ስም ወደ እኛ አገር ይቀርባል። ዊልሄልም ሺምፐር ጀርመናዊ የእጽዋት ሰብሳቢ ነበር። በ1837 (እ.ኤ.አ.) ትግራይ ገባ፤ በደጃዝማች ውቤ ዘመን የእንትጮ አካባቢ ገዥ ሆኖ ተሾመ፤ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስም ቅጠል፣ አበባና ፍሬ እያደረቀ ወደ አውሮፓ ሲልክ ኖረ። ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞች የሚገኙ በርካታ የኢትዮጵያ እጽዋት ናሙናዎች የሱ እጅ ያረፈባቸው ናቸው። በስሙ ከተጠሩት አንዱ ይኸው በየማሳችን እየነቀልን የምንጥለው መጭ ነው።

ሊቃውንትም ተምታቶባቸው ነበር

ሁለቱን መጮች የሚያምታታ ገበሬ ካለ አይፈር። በ1974 (እ.ኤ.አ.) ዴንማርካዊቷ ተመራማሪ ዬተ ባጎ መላውን የኑግ ወገን መርምራ ስታሳትም፣ የዓመቱንና ቋሚውን መጭ የአንድ ዝርያ ሁለት ቅርንጫፎች አድርጋ ነበር የመደበቻቸው። መልካቸው በጣም ስለሚቀራረብ ነው። በኋላ በኢትዮጵያም በውጭም ያሉ ተመራማሪዎች ክሮሞዞማቸውን ሲቆጥሩና እርስ በርስ ሲያዳቅሏቸው ሌላ ነገር ታየ። ሁሉም 30 ክሮሞዞም አላቸው። ነገር ግን የዓመቱ መጭ ከኑግ ጋር ሲዳቀል ልጆቹ ደህና ሆነው ያፈራሉ፤ ቋሚው መጭ ከኑግ ጋር ሲዳቀል ግን ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የዓመቱ መጭ በመልክ ቋሚውን መጭ ይምሰል እንጂ በደም የሚቀርበው ለኑግ ነው።

ከዚህ በመነሣት ተመራማሪዎች የደረሱበት መደምደሚያ አለ፦ ኑግ የወጣው ከዓመቱ መጭ ነው፣ የወጣውም በኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ ነው። በኛ አነጋገር የዓመቱ መጭ ለኑግ እናት ነው፤ ቋሚው መጭ ደግሞ አክስት።

እናት እንዴት ልጅ ወለደች? ያወለዷት አያቶቻችን ናቸው። የቀድሞ ገበሬ ላቦራቶሪ አልነበረውም፤ ዓይንና እጅ ግን ነበረው። ትልልቅ ራስ ያለውን ለቀመ። ፍሬው ቶሎ የማይረግፈውን መረጠ፤ እንዲያውም የሚረግፈው መሬት ላይ ስለሚቀር፣ አጭዶ ቤቱ የሚያስገባው በራሱ ጊዜ የማይረግፈው እየሆነ ሄደ። ትልቅ ፍሬውን ለዘር አስቀመጠ። ይህ በዓመት አይደለም፣ በትውልድ ብዛት ነው። ከዚያም አልፎ ኑግን እንደ ወቅቱ ከፋፈለው፦ በክረምት መግቢያ ተዘርቶ ታኅሣሥ ግድም የሚታጨደው አባት ኑግ፣ ሐምሌ ተዘርቶ ጥቅምት የሚደርሰው ቡነኝ ኑግ፣ መስከረም በመሬቱ እርጥበት ተዘርቶ የካቲት የሚሰበሰበው መስኖ ኑግ። ይህን የመደበው ቢሮ አይደለም። ገበሬው ነው።

ኑግ ቤት ሲገባ፣ ኑግ ባሕር ሲሻገር

ለምን እንዲህ ደከሙበት ብትሉ መልሱ ማዕዳችን ላይ ነው። የኑግ ፍሬ ከክብደቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ዘይት ነው። የተዋሕዶ አማኝ በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ ይጾማል፤ በዚያን ሁሉ ቀን ቅቤ አይነካም። ወጡን የያዘው ኑግ ነው። እናቶቻችን ኑጉን አምሰው፣ በሙቀጫ ወቅጠው፣ በሙቅ ውሃ እያሹ ዘይቱን ከላይ ይቀፉት ነበር። ኋላ መጭመቂያ መጣ፤ ዘይቱ ለሰው፣ ፋጉሎው ለከብት ሆነ።

ኑግ በጥንት ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ሕንድም ገብቷል። ሕንዶች "ራምቲል" ይሉታል፤ ዛሬ ከኢትዮጵያ ቀጥሎ በስፋት የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። በአሜሪካና በአውሮፓ ደግሞ ኑግ የሰው ምግብ ሳይሆን የወፍ ምግብ ነው፤ ሰዎች ደጃቸው ላይ ሰቅለው ትንንሽ ወፎችን ያበሉበታል። ለዚህም ገበያ ከሚያቀርቡት አገሮች መካከል ኢትዮጵያና ሕንድ አሉ። ግን አንድ ጣጣ አለ። አሜሪካ የኑግ ፍሬ በከፍተኛ ሙቀት ሳይታከም አይገባም ትላለች። ምክንያቱ ከኑግ ጋር የኩስኩታ ዘር ስለሚገኝ ነው፤ ኩስኩታ ማለት ያ ቢጫ ክር መስሎ ሰብሉ ላይ ተጠምጥሞ የሚመጠው ጥገኛ አረም ነው። በንጽህና ያልተያዘ ዘር ዋጋው እስከዚህ ድረስ ይከተላል።

በ1927 (እ.ኤ.አ.) ሩሲያዊው የዘር ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። በቅሎ ጭኖ እስከ ጎንደርና አክሱም እየተጓዘ የየአካባቢውን ዘር ሰበሰበ። ከዚያም ኢትዮጵያን ሰብሎች ከተወለዱባቸው የዓለም ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገበ፤ ጤፍና ኑግም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። በ1976 (እ.ኤ.አ.) አገራችን የራሷን የዘር ባንክ አቋቋመች፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በምንለው ተቋም ሥር ነው። ሆለታ ያሉ ተመራማሪዎችም ከገበሬው የተሰበሰበውን ኑግ እየመረጡ ፎገራ፣ እስቴ፣ ኩዩ የሚባሉትን ዝርያዎች አወጡ። ስሞቹን ልብ በሉ፤ የቦታ ስሞች ናቸው።

"ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ…"

"ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ" ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ለሰው ነው፤ መነሻው ግን የማሳና የሙቀጫ እውነት ነው። የተቀላቀለ ዘር አብሮ ይሄዳል። የመጭ ነገርም ይኸው ነው። ከኑግ ማሳ ያልተነቀለ የዓመት መጭ ሦስት ጉዳት ያደርሳል። አንደኛ፣ ምግብና ብርሃን ይሻማል። ሁለተኛ፣ ፍሬውን አስቀድሞ አራግፎ የሚቀጥለውን ዓመት አረም እዚያው ይዘራል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ከኑጉ ጋር ይዳቀላል። ኑግ በራሱ ብናኝ አያፈራም፤ ንብ ከሌላ ተክል ብናኝ ካላመጣችለት ራሱ ባዶ ይቀራል። ንቧ ደግሞ ከኑግ ይሁን ከመጭ አትጠይቅም። ስለዚህ "ኑጌ ዘንድሮ ፍሬው አነሰ፣ ሳይታጨድ ረገፈ" የምትሉት ነገር አንዱ ምክንያት ልጅ ወደ እናቱ እየተመለሰ መሆኑ ነው። አያቶቻችን በስንት ትውልድ ያራራቁትን እኛ በጥቂት ዓመት ቸልታ መልሰን እናቀላቅለዋለን።

ታዲያ መጭን ከምድረ ገጽ እናጥፋው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚለየው። አይደለም!

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቱ ፎር ዲ የሚባለው ፀረ አረም ዓለም ገበያ ላይ ዋለ። ሥራው ሰፊ ቅጠል ያለውን ገድሎ የሣር ወገኑን መተው ነው። ጤፍና ስንዴ የሣር ወገን ናቸውና ይተርፋሉ፤ መጭ ይሞታል። ለጤፍ ገበሬ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የአረም ጉልበት ስንት እንደሚፈጅ ያረመ ያውቀዋል። ነገር ግን መድኃኒቱ ድንበር አያውቅም። ነፋስ ባለበት ሰዓት ሲረጭ ከጤፉ አልፎ የጎረቤት ኑግ ላይ ያርፋል፤ ኑግም ሰፊ ቅጠል ነውና ይቃጠላል። እርከኑንና ቦይ ዳሩን ሁሉ እያዳረሱ ሲረጩት ደግሞ ማንንም የማይጎዳው ቋሚ መጭ አብሮ ያልቃል። ቋሚው መጭ ሲያልቅ የንብ ቀለብ ይቀንሳል። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር መሠረቱ አደይ፣ መጭና ኑግ ነው። ንብ ሲቀንስ ኑጉ አያፈራም። ክቡን አያችሁት? መጭን ከድንበር ያጠፋ ሰው ዞሮ ዞሮ ኑጉን ነው የሚቀንሰው።

ሌላም አለ። ኑግ ዛሬም ብዙ ችግር ያለበት ሰብል ነው፤ ምርቱ ዝቅተኛ ነው፣ ይረግፋል፣ እኩል አይደርስም። አገራችን ደግሞ የምትበላውን ዘይት አብዛኛውን ከውጭ ነው የምትገዛው። ነገ ተመራማሪ ኑግን ላሻሽል ቢል፣ በሽታ የሚቋቋም ወይም ድርቅ የሚችል ዘር ልፈልግ ቢል መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዘመዶቹ ነው። ዘመድ ከሌለ ማን ጋ ይሄዳል? የኑግ ዘመዶች አብዛኞቹ ያሉት ደግሞ እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። አንደኛው በደቡብ በሜጋ አካባቢና በሰሜን ኬንያ ብቻ የሚገኝ ቋሚ ተክል ነው። እኛ ካጠፋነው ሌላ አገር ሄደን አንለምነውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ለዘር የምትይዙትን ኑግ ከማሳው መካከል ምረጡ፤ ጠርዝ ላይ ያለው ከመጭ ጋር የመዳቀል ዕድሉ ሰፊ ነው። ትልልቅ ራስ ያለውንና ፍሬው ያልረገፈውን ምልክት አድርጋችሁ ለብቻ ውቁ።

2. ዘሩን በወንፊት አበጥሩ። የመጭ ፍሬ ስለሚያንስ አብዛኛው ይወርዳል። የወረደውን ማሳ ላይ አትድፉት፣ አቃጥሉት። ኩስኩታ የታየበትን ማሳ ዘር ደግሞ ጨርሶ ለዘር አትያዙት።

3. ከተቻለ በመስመር ዝሩ። በሄክታር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ዘር ይበቃል። በመስመር ስትዘሩ በመስመሮቹ መካከል የበቀለውን ሁሉ ሳትሳሱ ትነቅላላችሁ፤ መጭም የሚገኘው እዚያ ነው። መጭን ሳያብብ ንቀሉት፤ ካበበ በኋላ መንቀል ግማሽ ሥራ ነው።

4. ኑጉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትጠብቁ። ቅጠሉ ሲረግፍና ራሱ ወደ ቡናማ መቀየር ሲጀምር፣ ጤዛ ሳይለቅ ጠዋት እጨዱ። ፀሐይ ሲከር የሚረግፈው ብዙ ነው።

5. ቋሚውን መጭ በእርከን፣ በቦይ ዳርና በማይታረስ ድንበር ላይ ተዉት። ከሌላችሁ ማልማት ይቻላል። ኅዳር ላይ የደረቀ ራሱን ለቅማችሁ ፍሬውን አስቀምጡ፤ ክረምት ሲገባ መሬቱን ጫር ጫር አድርጋችሁ በትናችሁ አፈር በስሱ አልብሱት። ወይም ዝናብ ሲጀምር ጉጡን ከነቡቃያው ከፍላችሁ ትከሉት። የመጀመሪያውን ዓመት ከከብት ጠብቁት፤ ከዚያ በኋላ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ራሱን ይችላል። ሥሩ የእርከኑን አፈር ይይዝላችኋል፣ አበባው ንባችሁን ይቀልባል። የሚታረስ ማሳ ውስጥ ግን አትትከሉት።

6. ቀፎ ያላችሁ የኑጉ አበባ መፈንዳት ሲጀምር ቀፎውን ወደ ማሳው አስጠጉ። ማርም ታገኛላችሁ፣ ኑጉም ያፈራል። አበባ ላይ ግን ፀረ ተባይ አትርጩ።

7. ፀረ አረም የምትረጩ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ በማሳችሁ ወሰን ብቻ ርጩ። ከመርጨታችሁ በፊት ኑግ ለዘራውና ቀፎ ላለው ጎረቤት ንገሩት። ይህ የሕግ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የጉርብትና ጉዳይም ነው።

ውድ አርሶ አደሮች፣ ስንዴ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ነው፤ በቆሎም ድንችም እንደዚሁ። ኑግ ግን የተወለደው እዚህ ነው፣ ያሳደጉትም አያቶቻችን ናቸው። እናቱ ማሳችን ውስጥ፣ አክስቱ ድንበራችን ላይ ቆመዋል። እናትየዋን ከማሳ እናውጣት፤ አክስትየዋን ግን ድንበራችን ላይ እንጠብቃት። ሁለቱንም ከአገር አናጥፋቸው። ለመለየት ከተቸገራችሁ ተክሉን ከነሥሩ ነቅላችሁ ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ አሳዩት፤ ሥሩ ይናገራል።

መልካም የምርት ዘመን!